ሩቁን ወይስ ቅርቡን

«ኧረ ቆዳዬን ነው የያዝሽው!» ብላ አስካለ ስትጮህ ሀሊሜ ወረንጦውን ወዲያው ለቀቀች። ግን ዘግይታ ነበር። ከአስካለ የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ቀጭን ደም ብቅ አለና ወደ ጉንጯ ወረደ። ሀሊሜ በሻሿ ጫፍ ጠረገችላት።

«ይቅር በይኝ እቴ።»

«ምን ይቅርታ አለው፣ ደም ነው ይቆማል» አለች አስካለ ቀና ብላ እየተቀመጠች። ከዚያ ጎረቤቷን ትክ ብላ አየቻት። «የሽፋሽፍቱን ጸጉር አላየሽውም አይደል?»

ሀሊሜ የወረንጦውን አፍ በጣቷ ታሻሽ ጀመር።

«እንደ ጉም ነው» አለች በመጨረሻ። «ዓይንሽ ያለበትን አውቃለሁ። ጸጉሩ ግን ይጠፋብኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የአምናው ማሽላ ሳይታጨድ ጀምሮ።»

አስካለ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ቆቦ ከተማ ዳር ላይ አንድ አጥር ተጋርተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። አንደኛዋ ሚካኤልን ስትዘክር ሌላዋ ውኃ ትቀዳላት፣ አንደኛዋ ስታፈጥር ሌላዋ ሾርባውን ታቀብላት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሀሊሜ ደብቃት ዓመት መክረሟ አስካለን ከደሟ በላይ አሳመማት።

ሀሊሜ የሰው ዓይን መንካት የጀመረችው ልጃገረድ ሳለች ነው። በዚያ አገር በአቧራውም በዝንቡም የተነሣ ማዝ የሚሉት የዓይን በሽታ፣ ትራኮማ፣ የያዘው ሰው ብዙ ነው። በሽታው ሲቆይ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየቧጨረ ሌት ተቀን ያስለቅሳል። ለእንዲህ ያለው ሰው እረፍቱ የገባው ጸጉር ሲነቀልለት ነው። እናቷ ለሠፈሩ ስትነቅል አይታ ሀሊሜም ሙያውን ለመደች። በገበያ ቀን ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከገጠሩ የሚመጡ ሴቶች ዕቃቸውን አራግፈው እሷ ግቢ ጎራ ይሉ ነበር። ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ታስቀምጣቸውና ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አስደግፋ «አብሽሪ፣ ብቻ እንዳትንቀሳቀሽ፣ ትንፋሽሽን ያዥ» ትላለች። በአንድ ቅጽበት ተነቅሎ ያልቃል። መርቀዋት ይሄዳሉ።

ጉሙ ሲመጣ መጀመሪያ ጥላውን ጠረጠረች፤ በርጩማውን ወደ ፀሐይ አወጣች። ቀጥላ ጭሱን ጠረጠረች። ከገበያ መነጽር አስገዝታ ሞከረችው፤ ጉሙን አጎላላት እንጂ አላነሣላትም። ቆይቶ በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች መንቀል ጀመረች። ሰው እንዳያውቅባት ትጨነቅ ነበር፣ የሰው ዓይን እንዳታጠፋ ደግሞ ከዚያም በላይ ትጨነቅ ነበር። ያን ቀን የአስካለን ደም ካየች በኋላ ወረንጦውን ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ አስካለ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። የዓይን ነርሷ ሲስተር መሠረት ገና ወጣት ናት፤ የሁለቱንም ዓይን በባትሪ አየች።

«እትዬ ሀሊሜ፣ ሞራ ነው። በሁለቱም ዓይንዎ ላይ አለ። የቀኙ በስሏል» አለቻት።

«ጠብታ የለውም ልጄ?»

«ጠብታ አያነሣውም። ደሴ ልላክዎት፤ እዚያ በኦፕራሲዮን ሞራውን አውጥተው ሌንስ ያስገቡልዎታል።» ወደ አስካለ ዞረች። «እርስዎን ግን ለደሴ አላደርስዎትም። ይቺን ቆብ እኔው እዚሁ አስተካክላታለሁ። ከዚያ በኋላ መንቀል የለም።»

አስካለ በዚያው ሳምንት ቆቧን አሠርታ፣ ዓይኗን በፋሻ ሸፍና፣ እየሣቀች መጣች። «ምንም አይደል! መርፌዋ ነች እንጂ ሌላው ምንም አይደል!» ትላለች። ሀሊሜ ደስ አላት። ውስጧን ግን አንድ ነገር ጎረበጣት። ስንት ዓመት በየወሩ ጭኗ ላይ የነበረ ጭንቅላት ከእንግዲህ አይመጣም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለሀሊሜ የጭንቅ ጊዜ ሆነ። እሷን ያስፈራት ምላጩ አልነበረም። ዓይን ሲነካ ምን እንደሚያደርግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውየው በአፉ እሺ ይልሻል፣ በሆዱም እሺ ይላል፤ ዓይኑ ግን እንቢ ብሎ ይሸሻል። ወንድ ነኝ የሚል ሁሉ ወረንጦው ሲጠጋው እንደ ሕፃን ሲወራጭ አይታለች። ስለዚህ እንቅልፍ እምቢ ሲላት የምታስበው ያንኑ ነው። ሐኪሙ ስለቱን አስገብቶ ሳለ ዓይኔ ቢሸሽስ? እኔ ዝም በል ብለው እሱ እንቢ ቢለኝስ?

የደሴው ቀን ሲደርስ ሀሊሜና ባሏ ታሂር ማልደው ተነሥተው በሚኒባስ ተሳፈሩ። ታሂር ማሽላ የሚያርስ፣ ምርቱን በግመል የሚያመላልስ ዝምተኛ ሰው ነው። እስከ ወልድያ ያወሩት ጥቂት ነው። ከውጫሌ በላይ ብርዱ ሲጀምር ጋቢውን አውልቆ ደረበላት።

ደሴ ላይ ረጅም ወረፋ ጠብቀው ገቡ። ዶክተሩ አገጯን ማሽን ላይ አስቀምጦ ዓይኗን ለካ፣ ጻፈ፣ እንደገና ለካ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ አዙሮ ያልጠበቀችውን ጥያቄ ጠየቃት።

«እናቴ፣ የምናስገባልዎት ሌንስ ሁለቱንም እኩል አያሳይም። ሩቅ የሚያሳየውን ካስገባን ለቅርቡ መነጽር ያስፈልግዎታል። ቅርብ የሚያሳየውን ካስገባን ደግሞ ሩቁ ያለ መነጽር ይደበዝዛል። ብዙው ሰው ሩቁን ነው የሚመርጠው። እርስዎስ? ሩቁን ነው ወይስ ቅርቡን?»

ሀሊሜ ዶክተሩንም ታሂርንም አየች። ሁለቱም ፊት የላቸውም፣ ጉም ናቸው።

«ሩቁን ይሁን» አለ ታሂር።

«እሳቸው ይናገሩ» አለ ዶክተሩ በትሕትና።

«ከገባ በኋላ አይወጣም?» አለች ሀሊሜ።

«አይወጣም።»

ገና ሳትመርጥ አንዲት ነርስ መጥታ ክንዷን አሰረች። የደም ግፊቷን ለካች፣ ፊቷን አጨማደደች፤ ዕረፍት አስደርጋ ደግማ ለካች። ሄዳ ከዶክተሩ ጋር ተነጋገረች።

«ዛሬ አይሆንም እናቴ» አለቻት። «ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። እንዲህ እያለ ዓይን ቢከፈት ውስጡ ሊደማ ይችላል። ይህን ኪኒን እየወሰዱ ይቆዩና በቀጠሮዎ ይመለሱ። የሌንሱንም ነገር እስከዚያ አስበው ይምጡ።»

«ከቆቦ ድረስ መጥተን!» አለ ታሂር ድምፁን ከፍ አድርጎ። ወዲያው አፈረ። «ይሁን፣ ለኸይር ነው» አለ ዝቅ ብሎ። ሀሊሜ አለቀሰች። ያስለቀሳት መመለሱ አልነበረም፤ ስትመለስ ፍርሃቱን እንደገና ከሀ መጀመር አለባት።

ቆቦ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር። ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሴቶች አጠገቧ ሆነው «አንድ የጎብዬ ሰው እንዲሁ አሠርቶ ዓይኑ ፈሰሰ አሉ» ይባባላሉ። ሀሊሜ ስሙ ማን ይባላል አለች። ስሙን የሚያውቅ የለም። የማን ልጅ ነው አለች። እሱንም የሚያውቅ የለም። ሁሉም ግን ሰምቷል። ስም የሌለው ያ የጎብዬ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ ገባ፤ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ይቀመጣል፣ ስትሰግድ ከኋላዋ ይቆማል።

በአንዱ ቀን ለአስካለ ፍርሃቷን ዘርግፋ ነገረቻት።

«ታዲያ እንለማመደዋ» አለች አስካለ።

«ምኑን?»

«መተኛቱን ነዋ! ፊትሽን ይሸፍኑሻል አላሉሽም? ነይ ተኚ።»

መደቡ ላይ በጀርባዋ አስተኛቻትና ነጠላዋን አጥፋ ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ሀሊሜ ወዲያው ትንፋሽ ያጠራት መስሏት ዘላ ተነሣች፤ ነጠላው በርሮ ከማድጋው ሥር ወደቀ።

«ያ ረቢ! አልችለውም።»

«ገና ምን አየሽ፤ ድገሚው» አለች አስካለ።

ደገመችው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ፣ ሁለቱ ይለማመዱ ጀመር። አስካለ አጠገቧ ተቀምጣ በነጠላው ላይ ግንባሯን ትነካታለች። «እንዳትንቀሳቀሽ» ትላለች፣ ልክ ሀሊሜ ድሮ ለሰው እንደምትለው። አንድ ቀን ዝንብ ነጠላው ሥር ገብታ በአፍንጫዋ ላይ ስትሄድ ሀሊሜ ጥርሷን ነክሳ ቻለቻት። ይኸው ቻልኩ ልትል አስካለን ብትጣራ መልስ የለም። ነጠላውን ገልጣ ስታይ አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ እያንኮራፋች ነው። ሀሊሜ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሣቀች።

የሌንሱ ጥያቄ ግን በልምምድ የሚያልቅ አልነበረም። ታሂር ሐሳቡን አልለወጠም።

«ሩቁን በያቸው» ይላታል። «አስፋልቱ ላይ ሲኖትራኩ እንዴት እንደሚበር ታውቂያለሽ። ባለፈው ባጃጅ ሊገጭሽ ለጥቂት ነው የተረፍሽው። የጎሊና ወንዝም ሲሞላ ጎርፉን ከሩቅ ካላዩት አይምርም። የዓይን ጸጉሩን እንደሆነ አሁን ነርሷ ይዛዋለች፤ ለማን ብለሽ ነው ቅርቡን?»

ነገሩ ውሸት የለበትም፤ ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ለማን ብዬ ነው? ትላለች ለራሷ። ጠዋት ወደ ማሽላው ዳር ወጥታ ወደ ምሥራቅ ታያለች። የዞብል ተራራ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ግራጫ ነገር ተጋድሟል። ተራራውን ጥርት አድርጎ ማየት ያምራታል። ስትመለስ ደግሞ ኪኒኑ ያለበትን ለማወቅ ማሸጊያውን በጣቷ ትዳስሳለች፣ ምስሩ ውስጥ ያለው ጠጠር ጥርሷ ላይ ሲሰበር ይሰማታል። ሩቁን ስትል ቅርቡ ይቆጫታል፣ ቅርቡን ስትል ባጃጁ ይመጣባታል። በዚህ መሐል ነርሷ ግፊቷን ስትለካ አሁንም እንደተሰቀለ ነው። ሲስተር መሠረት ኪኒኑን ጨመረችላትና «ማሰብ ይቀንሱ» አለቻት። ማሰብ በኪኒን የሚቀነስ ይመስል።

ቀጠሮው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ታሂር ከእርሻ እያነከሰ መጣ። እሷ ጓዳ ነበረች። እግሩን ሲጎትት ሰማችው፤ በራቸውን አልፎ ወደ አስካለ ግቢ ሲሄድም ሰማችው። «የግራር እሾህ ነው፣ ተረከዜ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ እስቲ አውጪልኝ» ሲላት በአጥሩ በኩል ድምፁ ደረሳት።

ሀሊሜ እጇን ውኃ ውስጥ እንደከተተች ቀረች። ከተጋቡ ጀምሮ የዚያን ሰው እሾህ ከእሷ ሌላ ማንም አውጥቶለት አያውቅም። ከእርሻ ሲገባ እግሩን ጭኗ ላይ ያደርጋል፣ እሷ በመርፌ ትቆፍራለች፣ እሱ ስለ ዝናቡና ስለ ግመሎቹ የሚያወራው ያኔ ነው። በሌላ ሰዓት ዝም ነው። አሁን እንዳያሳፍራት ብሎ ተደብቆ የራሱን በር አልፎ ሄደ።

ሲገባ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተቀመጠ።

«ወጣልህ?» አለችው።

ደነገጠ። «ምኑ?»

«እሾሁ።»

«ወጣ» አለ። «ላስቸግርሽ አልፈለግሁም።»

«ቅርቡን ነው የምላቸው» አለች ሀሊሜ።

«ስለ እሾህ ብለሽ?»

«ስለ እሾህም፣ ስለ ምስሩም፣ ስለ ሁሉም። የምኖረው እጄ በሚደርስበት ነው ታሂር። ዞብል የትም አይሄድም፣ ያለበትን አውቀዋለሁ። አስፋልቱን እንደሆነ ሰው ይዤ እሻገራለሁ።»

«ከሩቅ ስመጣ አታውቂኝም ማለት ነው?»

«ስትቀርብ አውቅሃለሁ።»

ታሂር ተረከዙን ሲያሽ ቆየና «እንዳልሽ ይሁን» አለ። እሷ ግን ወሰንኩ ብላ አላረፈችም። ተሳስቼ ቢሆንስ የሚለው ፍርሃት በሌላው ፍርሃት ላይ ተደረበ እንጂ።

በቀጠሮው ቀን ማሽላው ደርሶ ወፍ የሚጠበቅበት ጊዜ ስለነበር ታሂር ቀረ፤ አስካለ አብራት ሄደች። ደሴ ላይ ነርሷ ክንዷን ስታስር ሀሊሜ ዓይኗን ጨፍና በልቧ ፋቲሓ ቀራች።

«ይኼ ይበቃል» አለች ነርሷ። «ዛሬ ይሠራሉ።»

ይበቃል ሲሏት ነው የደነገጠችው። እስካሁን በልቧ አንድ ጥግ ግፊቱ ይመልሰኛል የሚል ተስፋ ተደብቆ ነበር መሰል።

«ሌንሱስ?» አለ ዶክተሩ።

«ቅርቡን» አለች። ጮክ ብላም ደግማ «ቅርቡን» አለች።

ከቀኝ ዓይኗ በላይ ግንባሯ ላይ ፕላስተር ለጠፉላት፤ የትኛው እንደሆነ እንዳይሳሳቱ ነው። ጠብታ አደረጉላት፣ አረንጓዴ ልብስ አለበሷት። አስካለ እስከ በሩ ድረስ እጇን ይዛ ሄደችና «እንደተለማመድነው!» አለቻት። ራሷ አስካለ ነች እንባዋ የመጣባት።

መርፌው አመማት። ከዓይኗ ሥር ገብቶ እስከ ማጅራቷ የተሰማት መሰላት። ከዚያ ጨርቁ ፊቷ ላይ ወረደ። ነጠላው አይደለም፣ ከባድና የመድኃኒት ሽታ ያለው ነው። ሀሊሜ መቼ ነው የምሸሸው እያለች ራሷን ጠበቀች። ከላይ ነጭ ብርሃን መጣ፤ ብርሃኑ ቀይ ሆነ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ እንደ ውኃ ተንቀሳቀሰ። የብረት ድምፅ ትሰማለች። ዓይኗ ግን አይሸሽም። ዝም ብሎ ተኝቷል፣ የሌላ ሰው ይመስል። የስንት ሰው ዓይን ሲወራጭ ስታይ የኖረችው ሀሊሜ የራሷ እንዲህ መገራቱን ማመን አቃታት።

ያኔ ጉሮሮዋን በላት። ያልተለማመዱት ይኼንን ነበር። ሳሉ ከሥር እየገፋ መጣ፤ ዋጠችው፤ ተመልሶ መጣ። ላቧ በጀርባዋ ወረደ።

«ልጄ» አለች ጨርቁ ሥር ሆና፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች። «ሳሌ መጣ። ምን ላድርግ?»

«ስለነገሩኝ ደግ አደረጉ። ይቆዩ» አለ ዶክተሩ። ብረቱ ከዓይኗ ሲነሣ ተሰማት። «አሁን ይሳሉ እናቴ።»

ሳለች። ጠበቃት። ሁለተኛ ሳለች። ከዚያ ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ «ጨረስን፣ አልሐምዱሊላህ ይበሉ» አላት። ሀሊሜ መልስ ልትሰጠው ስትል ጥርሷ ተንገጫገጨባት።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። ዶክተሩ ከፊቷ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ እያሳየ «ምን ይታይዎታል?» አላት።

ሀሊሜ አየች። ነጭ ነገር። ጉም።

«አይታየኝም» አለች። «ወየው፣ አይታየኝም! ጠፋ ዓይኔ!» የጎብዬው ሰው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«አይደንግጡ፣ እሱ ሩቅ ነው። ራስዎ አይደል እንዴ ቅርቡን ያሉኝ?» አለ ዶክተሩ። «እስቲ እጅዎን ይመልከቱ።»

እጇን አንሥታ ወደ ፊቷ አቀረበች። መጀመሪያ የማን እጅ እንደሆነ ግራ ገባት። የደረቀ፣ የተጨማደደ፣ ጠቃጠቆ የወጣበት እጅ። ጉሙ ሲመጣ እንዲህ አልነበረም። በቀጭኑ መስመር መሐል ያለው ሌላ ቀጭን መስመር ሳይቀር ይታያል፤ የጥፍሯ ሂና ለቆ ከሥሩ ነጭ ወጥቷል።

«የኔ ነው?» አለች።

አስካለ ሣቋን መቆጣጠር አቅቷት ጎንበስ ብላ ፊቷን አስጠጋች። ሀሊሜ በሁለት እጇ ያዘቻትና አገላበጠቻት። የተሰፋውን ቆብ አየች፣ ወደ ውጭ የዞረውን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ አየች፣ ከዓይኗ ጥግ እስከ ጆሮዋ እንደ ጨረር የተዘረጋውን የቆዳ ሽብሽብ አየች።

«አስካለ! እንዲህ አርጅተሻል እንዴ?»

«አንቺስ ማን ልጃገረድ አለሽ!» አለች አስካለ፣ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ነርሷ «ዓይኑን! ዓይኑን እንዳታሻሹ!» እያለች ለያየቻቸው።

ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላም ሀሊሜ ጀግና አልሆነች። የጎሊና አሸዋ በነፋስ ሲነሣ በሩን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች። ዓይኗ ትንሽ ባሳከካት ቁጥር ፈሰሰ ትላለች። አስካለ ጠብታ ስታደርግላት ግማሹ ጉንጯ ላይ ይወድቅና «ዓይኔን ልታሳጪኝ ነው!» ብላ ትቆጣታለች። የግራውም ዓይን ተራው ገና ነው፤ የሱ ቀጠሮ ሲነሣ ወሬ ትለውጣለች። ታሂር ግን ማታ ማታ ከእርሻ ሲመጣ፣ እሾህ ቢኖርም ባይኖርም፣ እግሩን ወደ እሷ መዘርጋት ጀምሯል።

ማሽላው ከታጨደ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን አሲያ የምትባል የሮቢት ሴት መጣች፤ የሀሊሜ ዓይን መዳኑን ሰምታ ጸጉር ልታስነቅል ነው። ሀሊሜ ቁርቁራው ሥር አስቀመጠቻትና ቆቧን ገልጣ አየች። ጥርት ብሎ ታያት፤ ሦስት የገቡ ጸጉሮች አሉ። ከጸጉሮቹ በታች ግን፣ ብሌኑ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ጨው ቅንጣት ያለ ነጭ ጠባሳ አለ። ድሮ ዓይኗ ደህና ሳለም እንዲህ ያለውን ልብ ብላው አታውቅም።

«ይኼ በወረንጦ የሚሆን አይደለም» አለቻት። «ጸጉሩ ገብቶ ብሌንሽን እየቧጨረው ነው። ተነሽ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«አሁን? ኧረ በአላህ እትዬ ሀሊሜ፣ ዝም ብለሽ ንቀይልኝ» አለች አሲያ።

ሀሊሜ በባጃጅ ይዛት ሄደች። ሲስተር መሠረት አይታ «ዛሬውኑ እሠራታለሁ» አለችና ዕቃዋን ልታዘጋጅ ገባች። ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የአሲያ እጅ በረዶ ሆኖ ነበር፤ ሀሊሜ ያዘችላት።

«ያማል?» አለች አሲያ ቀስ ብላ።

«መርፌው ያማል» አለች ሀሊሜ። «ከዚያ ወዲያ አያምም። ልብሽ ግን ይመታል። ይኸው፣ የኔም እየመታ ነው።»